ዝቅ ስላደረግናት መኪና

ለወንድሜ ለቢያዝን ወልደ ሐዋርያት፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? ባለቤትህ እሌኒ አስሙ ተሻላት? ትንሿ ጽጌ እግር አወጣች? ይህን የምጠይቅህ ከልቤ ነው፤ እነሱ ምንም አልበደሉኝም። እኔና ባለቤቴ ፀሐይወርቅ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ያንተን ጤንነት ግን ሰሞኑን ከደረሰኝ ደብዳቤ ተረድቻለሁ። አባቱ ሆስፒታል መተኛታቸውን በቴሌግራም ያስታወቅነው ሰው፣ ከሦስት ወር በኋላ ሁለት ገጽ ጽፎ አንድ ገጽ ተኩሉን ስለ መኪና ካወራ፣ ጤናው ሙሉ ነው ማለት ነው።

«ሞላዎቹ እንዴት ሆኑ? ዝቅ ብላ ታምራለች ወይ? ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» ብለሃል። ፎቶ የለም። የቀረውን ግን እመልስልሃለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ከጅቡቲ በባቡር አስመጥተህ የላክሃቸው ሞላዎች ከነአሞርዛተራቸው ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። ሞላው አሞርዛተሩ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለበት በጥርሱ ላይ እያዞሩ መኪና ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት ዕቃ፣ በፋብሪካው ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ገጥሜ ሐይቁ ዳር አስፋልቱ ላይ ስነዳት፣ ኩርባ ላይ እንደ ድሮው አልተጋደለችም። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋን አልደፋችም። መሪዋም እጄ ያሰበውን ትታዘዝ ነበር። ሰው ከዘንባባዎቹ ሥር ቆሞ ሲያየኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልክድም። ደስ ባይለኝ ኖሮ ዛሬ የምናደደው ባንተ ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስማ። የባሕር ዳር አስፋልት አንድ ሲጋራ አጭሰህ ሳትጨርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ጠጠር ነው። ያ ግትር ሞላ በጠጠር ላይ ወገብ ይሰብራል፤ ፀሐይወርቅ አንድ ቀን ተሳፍራ ሁለተኛ እምቢ አለች። ከተበላሸም መለዋወጫ በአገሩ የለም። ከሁሉ የከፋው ግን ቀለበቱ ነው፤ አሸዋና አቧራ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ በሁለት ሳምንት ነክሶ አልዞር አለ። እንዲህ እንደሚሆን ገና ሳልገጥመው ጽፌልህ ነበር። አንተ «የገጠር መካኒክ አትሁን፤ አራት ጣት ዝቅ አድርጋት» ብለህ መለስህልኝ። መኪናዋ እኔ ዘንድ ብትቆምም ያንተ ናት፤ እንዳልኸኝ አደረግሁ።

ጥር ሃያ ቀን ጠዋት እህታችን አገርነሽ ከቁንዝላ ስልክ አስደወለች። አባባ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ከትናንት ጀምሮ እያስታወኩ ነው አለች። ቁንዝላን የሚነካው ጀልባ ወደ ጎርጎራ አልፏል፤ እስከ እሑድ አይመለስም። የፋብሪካው መኪኖች ሁሉ ወጥተዋል። የቀረችው ያንተዋ ነበረች። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ከተቀበልሁ በኋላ በክሪክ አንሥቼ ከፍ ላደርጋት ሞከርሁ። የኋላዎቹ ቀለበቶች ዞሩ፤ የፊቶቹን በመዶሻ ብላቸውም ንቅንቅ አላሉም። ጊዜ አልነበረኝምና እንዳለች ይዣት ሄድሁ።

ስሄድ ብቻዬን ስለነበርሁ ሆዷን እያስፋቅሁ ደረስሁ። ስመለስ አባባን ከጎኔ አስተኝቼ፣ አገርነሽ ከኋላ በዚያች ጠባብ ቦታ ተጣጥፋ ነበር። ዱርቤቴ ለመግባት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ድንጋይ የሞተሩን ዘይት መያዣ ቀደደው። ወርጄ አየሁት። ለካሁትም። በድሮ ቁመቷ ብትሆን ኖሮ ሳትነካው ታልፍ ነበር። ዘይቱ አሸዋው ላይ ሲፈስ ቆሜ አንተን፣ ጅቡቲንና መኪናዋን በየተራ ረገምሁ። አባባ በተከፈተው በር እጄን ይዘው «ልጄ፣ ዕቃ አይሰደብም፤ ሰው ጥራልኝ» አሉኝ።

በእርሻው ላይ የነበሩ ገበሬዎች ባሕር ዛፍ ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩ። አምባቸው የሚባል ሽማግሌ፣ ሰው እየጠራ፣ ከየመንደሩ እየተቀባበሉ ተሸክመዋቸው ሦስት ሰዓት ተጓዝን። ከዱርቤቴ እህል የጫነ መኪና ለምነን ሆስፒታል ገባን። አንጀታቸው ተጠማዝዞ ኖሯል። ሐኪሙ፣ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ፈትተን እንመልሰው ነበር፣ አሁን ግን የሞተውን ቆርጠን አውጥተናል አለኝ። ስንት እንደ ቆረጡ በክንዱ ለክቶ አሳየኝ።

አባባ ድነዋል። ግን አርባ ዓመት መቋሚያ ይዘው የቆሙት መሪጌታ ለትንሣኤ ማኅሌት ወንበር ተሰጣቸው። ድምፃቸው ከሁለት መስመር በላይ አልሄደም። ተማሪያቸው ተቀብሎ ሲመራ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር፤ አንተ አልነበርህም።

ሞላዎችህን ፈትቼ፣ በጆንያ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ልኬልሃለሁ፤ ድሬዳዋ አስፋልት አለላችሁ። የድሮዎቹን መልሼ ገጥሜያለሁ። መኪናዋን አባባን ለምርመራ አመላልስባታለሁ፤ ልወስዳት ብለህ እንዳትመጣ። አባባን ልይ ብለህ ከመጣህ ግን ቤቴ ክፍት ነው፤ ምንም ቃል አልናገርህም።

ለእሌኒ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ጽጌን ጉንጯን ሳምልኝ። ፀሐይወርቅ እሌኒን ሰላም ብላለች፤ ላንተ ምንም አላለችም። አገርነሽ እንዲሁ። አባባ «ጤናህን ጠብቅ፣ በርታ» ብለውሃል። መንገድ ላይ የሆነውን ለቢያዝን እንዳትጽፍለት፣ ያዝንብኛል ብለው ሁለት ጊዜ ለምነውኝ ነበር። በሕይወቴ እምቢ ያልኋቸው ይህንን ብቻ ነው።

ወንድምህ ዳኘው ወልደ ሐዋርያት
ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1974 ዓ.ም.