የአደ ቱሜ ሽቦ

ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ነገሌ

ለጥርስ ጥናቱ ዛሬ መጨረሻ ላይ ያየኋቸው አዛውንት ሴት አደ ቱሜ ናቸው። ትንሿን መስታወትና ቀጭኗን ብረት ሲያዩ ሳቁና፣ «አንቺም እንደኔ የሕፃናት ግግ ታወጫለሽ?» አሉኝ። ጠዋት ያየኋቸው፣ ድዳቸው ውስጥ ያለው የጥርስ እምቡጥ ግግ ተብሎ ወጥቶ ክራንቻ ያልበቀለላቸው ልጆች ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

«በምንድን ነው የሚያወጡት?»

«በሽቦ ነዋ! ለነገም አማትሽ ጠርታኛለች። የልጅሽ ተቅማጥ ከግግ ነው አለች።»

እየሮጥኩ ቤት ገባሁና የልጄን ድድ ዳሰስኩ፤ ገና አልተነካም። አማቴ ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ነገ ሥራ አለሽ አይደል?» አሉኝ። «የለኝም» ብዬ ዋሸሁ።

ሰኞ ግን ለጥናቱ ፊልቱ እሄዳለሁ። ልጄን የምተወው ለአማቴ ነው።