«ብረት መንገዱን ያውቃል» ላሉት ለክቡር ኢንጂነር ልዑልሰገድ

ለመርከብ ንድፍ ክፍላችን የበላይ ኃላፊ፣
ጅዳ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የደም ግፊትዎ ሳይጨምር፣ ቢሮዎም እንደ ወትሮው ቀዝቀዝ ብሎ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ አላህን እለምናለሁ። እኔ ሚስከር ዘከሪያ፣ መካ ዛሂር ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የወሎዎች ልጅና በእርስዎ ሥር የምሠራ የንድፍ ሠራተኛ ነኝ። በስብሰባ ላይ መናገር ስጀምር ሁልጊዜ ስልክ ስለሚደወልልዎ፣ ምስጋናዬን በጽሑፍ፣ ያውም በአደባባይ ማቅረብ መርጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ውበት ፍቅርዎ አመሰግናለሁ። ሌላው አንባቢ እንዲከተለን ያህል፣ መርከብን የሚያጠነክሩት ረጃጅም ብረቶች በተሻጋሪ ላሜራዎች ላይ በተቆረጠ ቀዳዳ ያልፋሉ፤ ካለፉ በኋላ የሚቀረውን ክፍተት «ላግ» የምትባል ቁራጭ ላሜራ ተበይዳ ትዘጋዋለች። በኮምፒውተር የጻፍሁት ስክሪፕት የብረቱን ቁመትና ውፍረት ራሱ አንብቦ፣ ብረቱ ሲለወጥ ቀዳዳውንም ላጉንም አብሮ ይለውጥ ነበር። እርስዎ ግን እንግዶች ሊጎበኙን በሚመጡበት ዋዜማ፣ የቀዳዳዎቹ ትልቅና ትንሽ መሆን ዓይን ይረብሻል ብለው ሁሉም በአንድ ልክ እንዲቆለፉ አዘዙ። «ኋላ ብረቱ ቢቀየርስ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ያላ፣ ነገር አታስረዝሚ፤ ብረት መንገዱን ያውቃል» አሉኝ። እንግዶቹም በጣም አደነቁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቆራጥነትዎ። የታሰበው ብረት ከገበያ ጠፍቶ ቁመቱ ከፍ ያለ ሲገዛ፣ ቁልፉን ልፍታው ብዬ ለመንሁ። ሥዕሉ ጸድቋልና አይነካም አሉ፤ ላሜራዎቹም በድሮው ልክ ተቆረጡ። ብረቱ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ መንገዱን አላወቀም። በያጁ ወንድምአገኝ ደውሎ «እህቴ ሚስከር፣ ይሄ ቀዳዳ ምን ነክቶት ነው? ሦስት ሆነን ገፍተን እምቢ አለን» ሲለኝ ወደ መርከቡ ወርጄ አየሁት። ፎርማኑ ኢያድ ደወለልዎ፤ ድምፅዎም ከስልኩ ወጥቶ ለሁላችን ተሰማ፤ «በእሳት አስፉት፣ በእኔ ኃላፊነት። ኸላስ፣ አለቀ!» ወንድምአገኝ አማተበና አስፋው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። የጥራት ተቆጣጣሪው መጥቶ የተቃጠለውን ጠርዝና ክፍተቱን መሸፈን ያቃታቸውን ላጎች አይቶ ሥራውን በሙሉ ውድቅ ሲያደርገው፣ እርስዎ «በያጁ በገዛ ፈቃዱ ያደረገው ነው» አሉ። ወንድምአገኝ በድንጋጤ ዓረብኛው ጠፋበት፤ ጓንቱን ያሻሽ ጀመር። ከፊሉ የሚባለው አሠሪውም ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ለመሰረዝ ተነሣ። እኔ ቆሜ የሰማሁትን ተናገርሁ። ኢያድ ወደ ፊት ወጥቶ፣ «ወላሂ፣ እኔም ሰምቻለሁ» አለ። እርስዎ ሰዓትዎን አይተው ወጡ፤ ቀጠሮ አክባሪነትዎን እዚያው አደነቅሁ።

አልሐምዱሊላህ፣ ኢቃማው አልተሰረዘም። ወንድምአገኝ ግን ወደ መርከቡ አልተመለሰም፤ ወደ ባሕራ ከተማ ተዛውሮ አንድ ጋራዥ ውስጥ የውሃ ቦቴ ይበይዳል። ሄጄ ስጠይቀው «ደኅና ነኝ፤ እዚህ ያዘዘኝ ሰው አጠገቤ ይቆማል» አለኝ። አብሬው ሳቅሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን አለቀስሁ። እኔም ከስክሪፕቱ ተነሥቼ የፋይል ስም እንዳስተካክል ተመድቤአለሁ፤ ስለ ዕረፍቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ላሜራዎቹ ቁልፉ ተፈትቶ እንደገና ተቆርጠዋል፤ ብረቶቹም ያለ አንዳች ግፊያ አልፈዋል።

በፊትዎ ለመቆም የማይፈቀድላት፣ ከኋላዎም ማውራት ያልወደደች፣
ታዛዥዎ ሚስከር ዘከሪያ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ዓርብ ሳፋ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ሰላም ብላዎት ፊትዎን አዙረው አለፉ። ማን እንደሆነች ለማወቅ ተቸግረው ከሆነ፣ የወንድምአገኝ ሚስት ጽጌሬዳ ናት። የእርስዎን ማንነት ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም።