የአስካለ አውራ ጣት

ውድ ባለቤቴ አስካለ፣

ከተለያየን ነገ ሦስት ወር ይሞላል። እንደምን አለሽ ብሎ መጀመር ወግ ነበር። ለሄደ ሰው እንዴት እንደሚባል ስለማላውቅ ልለፈው።

የጅጅጋ ንፋስ የማድቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎት ነበር፤ መልሼ መታሁት። የጎረቤታችን የሐዋ ፍየሎች ዛሬም የድንች ልጣጭሽን ፍለጋ ይመጣሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በራፉ ላይ ሲደርሱ ቆመው መቃኑን ያያሉ እንጂ አይገቡም።

ቤቱን ሊወስዱብን ነው። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ከኔው ስሚው።

ያረፍሽ ጠዋት የቀበሌው ጸሐፊ ለቀብር ፈቃድ መጣ። የሟች ማንነት የሚረጋገጠው ማንም በሌለበት ነው፣ ደንብ ነው አለኝ። ደንብ ሲባል ታውቂኛለሽ። አልቃሾቹን አስወጥቼ በሩን በገዛ እጄ ያዝኩለት። እህትሽ ልግባ ብላ ብትለምነኝ እንኳ ከለከልኳት። ብዙም አልቆየም፤ እጄን ጨብጦኝ ሄደ። በኋላ አንቺን ያጠቡት እማማ ጥሩወርቅ ብቅ ብለው፣ «ምን ስትጽፍ ነው የሞተችው? አውራ ጣቷ ሐምራዊ ሆኗል፤ በሳሙናም አልለቅ አለን» አሉኝ። ልብ አላልኩትም።

በአርባሽ ማግስት ሊቀ መንበሩ አስጠራኝ። ከእናትሽ የወረስሽውን ቤት በፈቃድሽ ለቀበሌው ማስረከብሽን የሚገልጽ ወረቀት አሳየኝ። ከግርጌው የጣት አሻራ አለ፤ ቢላ የቆረጠሽ ጠባሳ ሳይቀር ወጥቷል። ቀኑ የተቀበርሽበት ቀን ነው።

አንቺ እኮ መሠረተ ትምህርት ከጨረስሽ ወዲህ ጣትሽን ቀለም አስነክተሽ አታውቂም። በቀበሌው ሱቅ ስኳር ስትወስጂ ሰልፈኛው እያጉረመረመ ስምሽን ፊደል በፊደል ትጽፊ ነበር። ባለሱቁ «እትዬ፣ አዋጅ ነው እንዴ የሚጽፉት?» ሲልሽ፣ «ለ»ን አጣመምኳት ብለሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ። ይህን ሁሉ ለሊቀ መንበሩ ነገርኩት። በዚያ ቀን ሞታ ነበር አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«ጠዋት ፈረመች፣ ከሰዓት ተቀበረች። ምን ይገርማል ጓድ?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በመቃኑ ላይ፣ በትከሻሽ ልክ፣ ሐምራዊ አሻራ አለ። ጠባሳውም አለበት። እንዲህ ያለ ነገር እንደማላምን ታውቂያለሽ። በአመድ ፈተግሁት፣ በላምባ ጠረግሁት። ጠዋት ስነሳ እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ነገ ቁልፉን ሊረከቡ ይመጣሉ። ዛሬ አልጠረግሁትም። ፊደል የተለማመድሽበትን ጠመኔ ፈልጌ ከሥሩ አስቀምጬልሻለሁ። ጣት ይብቃሽ አስካለ፤ በስምሽ ፈርሚ። «ለ» ብትጣመምም ግድ የለም።

እኔ ደፉ ላይ እቀመጣለሁ። ያን ቀን በሩን ለእነሱ መያዜን እስክሞት አልረሳውም። ነገ ላንቺ እይዘዋለሁ።