ስለ «ጴንጤ» ትርጉምና ስለ አለምነህ መቃብር

በወረታ ገበያ ቆሞ ለሚሰማ ሁሉ የሚነበብ

ለክቡር ግራዝማች ቢሻው፣ ለአጥቢያችን ዳኛ፤

ቤትዎ፣ ከብትዎና በተለይም ምላስዎ እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱን በጤና ያክርምልን እያልሁ፣ እኔ ሸማኔው ደሳለው ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

፩ኛ፤ ባለፈው ከከተማ ሲመለሱ «ጴንጤ» የሚል አዲስ ቃል ስላመጡልን እናመሰግናለን። እስከዚያ ድረስ እኛን ባለእጆችን የሚጠሩን «ቡዳ» እያሉ ነበርና፣ ቃሉ ከማርጀቱ የተነሣ ሕፃን እንኳ አልፈራው ብሎ ነበር። በከተማው ጴንጤ የሚባሉት ጮኸው የሚጸልዩ፣ መንፈስ ቅዱስ ወረደልን የሚሉ ሰዎች ናቸው አሉ። እኛ አንድም አይተን አናውቅም፤ እርስዎም አላዩም።

፪ኛ፤ ቀጥቃጩ ጎረቤቴ አለምነህ፣ በእሑድ ቀን ማረሻዎን እንዲስል ቢልኩበት «ሰንበት ነው፤ ሰኞ አደርሳለሁ» ብሎ መለሰ። ሰንበት አክብሩ ያሉን የገዛ ደብራችን ካህናት ሆነው ሳለ፣ እርስዎ በሸንጎ ፊት «ይህ ጴንጤ ነው» አሉ። ስለዚህ ቃሉ በፎገራ «ግራዝማችን እንቢ ያለ» ማለት እንደሆነ ተረድተናል፤ ከሊቃውንቱም እንዲህ ያለ አጭር ትርጓሜ የሰጠን የለም።

፫ኛ፤ አለምነህ በግንቦት ሲሞት ቄሱ እርስዎን ፈርተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስለከለከሉት፣ በክረምት ውኃ ከሚተኛበት ሜዳ ቀበርነው። ሚስቱ እማዋይሽ ሸክላዋን ትታ ደመናውን ስታይ ትውላለች። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው በባሏ አጽም ላይ የሚሆነውን ታውቃለች። ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። ውኃው ሳይመጣ ከአባቶቹ አጠገብ እንድናሳርፈው ለቄሱ አንድ ቃል ይበሉልን፤ ቃል እንደሆነ ለእርስዎ አያጥርዎትም።

ከእግርዎ በታች ያለሁ፣ የለበሱትን ኩታ የሠራሁ
ደሳለው
ወረታ፣ ሰኔ ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ጨምሬ የማሳስበው፤ የአባትዎ መቃብር የተቆፈረበት ዶማ የአለምነህ እጅ ሥራ ነው። የጴንጤ ብረት የነካው አፈር ረክሷል የሚሉ ከሆነ ቶሎ ያስታውቁን፤ አባትዎንም አውጥተን ከሜዳው እናኖርልዎታለን።