እኔ ሰማሁ፣ ሰውዬዬ ግን አልሰማም

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? አሁንም ጎረቤት እስኪሰማ ያንኮራፋል? ሚጣዬ ጥርሷ በቀለላት? ቆርቆሮው ዘንድሮ ከዝናቡ ጋር ታረቀ ወይስ ባልዲ እየደረደራችሁ ነው? ስለ እማዬ እንዳልጠየቅሁሽ ሳይታወቅሽ አይቀርም። ምክንያቱን ትደርሺበታለሽ። ብቻ አደራ፣ ይህን ደብዳቤ እንደ ልማድሽ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ጮክ ብለሽ እንዳትጀምሪላት። መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ለእሷ የሚነበበው መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚያ ስትደርሺ እነግርሻለሁ።

እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ያው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነኝ፤ የሆቴል አንሶላ ከማሽን አውጥቼ ማድረቂያ ውስጥ ስከት እውላለሁ። የእሑዱ ጨዋታችንም እንደቀጠለ ነው። የትልልቅ ሰዎች ዕቃ ዕቃ ብለሽ የሳቅሽበትን ማለቴ ነው። አንሶላ በምናጣጥፍበት ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጥና ልብስ ተኳሿ ተረቱን ትመራዋለች (ጠመንጃ እንዳይመስልሽ፣ ካውያ ነው የምትይዘው)። እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው ይዘን ምን እንደሚልና ምን እንደሚያደርግ እንናገርለታለን። ይሳካለት አይሳካለት የሚወስነው ዳይስ ነው፣ ያ የሉዶው ባለ ነጠብጣብ ጠጠር። የኔ ሰውዬ አንድ ፈሪ ዘበኛ ነው። እሱን ለመፍጠር ብዙም አልደከምኩም።

ያለፈው እሑድ አንሶላ የሚያመላልሰው ሹፌራችን በተረቱ የያዘው ሰው አንድ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ገባ። ተኳሿም ጣሪያውን የተሸከመው እንጨት ተሰንጥቆ ሊወድቅ እንደደረሰ ነገረችው። ሁላችንም እዚያው ቁጭ ብለን ሰማን። ተራው የኔ ሲሆን ሰውዬዬ አይገባም አልኩ። ለምን ብትለኝ፣ ጣሪያው ሊወድቅ ነዋ አልኳት። ማን ነገረው ብላ አፈጠጠችብኝ። የሰማኸው አንተ፣ እሱ ውጭ ነው የቆመው አለችኝ። ከዚያ ያስተውል እንደሆነ ብላ ዳይስ አስወረወረችኝ፤ ሁለት ወጣ። ሰውዬህ ምንም አልታየውም አለች። ወይ ጉድ! የሚታይ ነገር ባይኖር ለምን ታስወረውረኛለች? ግን ሕጉ ሕግ ነው፤ እኔ ያወቅሁትን ሰውዬዬ አያውቀውም። እያወቅሁ አስገባሁት። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን ሳቁ እምቢ አለኝ።

ለምን መሰለሽ? ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞ ስትደውዪልኝ አጠገብህ ሰው አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። የለም ስልሽ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርሽ። እትዬ፣ ዳይሱ የተወረወረው ያን ጊዜ ነው። ደህና ወሬ ያለው ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ቻው ካልሽኝ በኋላ ደግሞ ስልኩን ሳትዘጊው ቀረሽ። ልዘጋው ስል የእማዬን ድምፅ ሰማሁ፣ ድምፅ ከተባለ። በእኔ ሞት እንዳትነግሪው፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል አለችሽ። አንቺም እሺ ብለሽ ማልሽላት። ቀጥሎ ስልኩን እንደያዝሽ ጓሮ የወጣሽ መሰለኝ፤ ሐኪሙ ክረምቱን አትወጣውም አለ፣ ምን አባቴ ልሁን እያልሽ ለባለቤትሽ ስታለቅሺ ሰማሁሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ተቀይሜሽ ነበር፤ አንሶላውን እየደበደብኩ ስሰድብሽ ዋልኩ። በኋላ ግን አንጀቴን በላሽው፤ ይህን ሁሉ ብቻሽን እንዴት ቻልሽው? ደግሞም መሐላሽ አልፈረሰም። አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔው ነኝ የሰማሁት።

የጨነቀኝ ግን ይሄ ነው። እንደሰማሁ ካወቀች ልጄን ከእንጀራው አፈናቀልኩት እያለች ያለቀናዋ ትሄድብኛለች። ሳላያት ከቀረሁ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ነገሩን ሳልዘረዝር ተኳሿን ጠየቅኋት፤ በተረቱ ውስጥ አንድ የውሃ ጉድጓድ ቢኖር፣ ሰውዬዬ ስለ ጉድጓዱ ሳያውቅ እንዴት አድርጌ ወደዚያ ልውሰደው አልኳት። ካውያዋን እንኳ ሳታቆም፣ ስለ ጉድጓዱ ባያውቅስ ውሃ አይጠማውም እንዴ አለችኝ።

እና ሰውዬዬ እናቱ ናፈቀችው። አለቃዬ የምን ፈቃድ ነው ቢለኝ የናፍቆት አልኩት። ናፍቆት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ የሚያሰጠው ብሎ ሳቀብኝና ፈረመልኝ። ደብዳቤውን ቶሎ እንዲደርስሽ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ።

ከዚህ በታች እማዬን የማይሆንላትን ነገር እጠይቃታለሁ። የሚያውቅ ልጅ አትድከሚ ይላል፤ የማያውቅ ግን እንደ ድሮው ይሞላቀቃል። ስታነቢላት እንዳታለቅሺ። እንባሽ ካመለጠሽ ጉንፋን ነው በያት።

በይ እንግዲህ፣ አሁን ገብተሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ሰሞኑን ሥራ ቀዝቀዝ ስላለ እዚህ ግድግዳ ከማይ መጥቼ ልጨቅጭቅሽ ብያለሁ። ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከች ነው! ከስቻለሁና ያንቺን እጅ ካልበላሁ አልጠግብም፤ እትዬ እንደሆነች ጨው ታበዛለች። አሁን ይህን ስታነብ ፊቷን እይልኝ! ሸሚዞቼም ተቀዳደዋል፤ እዚህ እንዳንቺ የሚሰፋ ስላጣሁ ጠቅልዬ አመጣልሻለሁ። በሩን ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይከፍትልኝ። አንቺው ራስሽ እስከ ደጅ ወጥተሽ ካልተቀበልሽኝ አኩርፌ እመለሳለሁ፤ ታውቂኝ የለ?

ለእትዬ ባለቤት እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ሚጣዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ከረሜላዋ ተገዝቷል። እትዬን፣ ስላነበበችልሽ፣ እጇን ያዝ አድርጊልኝ።

በሩን እንዳትረሺ፣ እማዬ።

ያንቺው ሞልቃቃ
ከልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ግንቦት 14 ቀን