ልጆቹ በማን ስም ናቸው

ሰኞ፣ ማርች 2፣ 1987፣ ጠዋት

ናሆም ጫማ አላደርግም ብሎ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል። ሰላም ወተቷን ግማሹን ጠጥታ ግማሹን ሹራቧ ላይ ደፍታለች። ውጭ በረዶ። መኪናዋ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ልጆቹን እ/ብርቄ ቤት አራገፍኩ (እትዬ ብርቄ፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ማዶ የሚኖሩት፣ ልጆቼን የሚይዙልኝ)። ቤዝ (የጦር ሰፈራችን) በሰዓቱ ደረስኩ። እስካሁን ደህና ቀን ነው።

ማታ

ከምሳ በኋላ የቤት ጉዳይ ክፍል አስጠራኝ። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ባራክሱ (የወታደሮች የጋራ ማደሪያ) ታድሶ አልቋል አለችኝ። በእኔ ማዕረግ ያለ፣ ቤተሰብ የሌለው ወታደር ሁሉ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይገባል። አፓርታማ የምንከራይበት የቤት አበል ከዚያ በኋላ ይቆማል። ቁልፍ ዘረጋችልኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ አልኳት። ፋይሉን ገለጠች። የሉሽም አለችኝ።

ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ ትቼ ወጣሁ። አሁን ናሆምን ሳጥበው ደጋግሜ አየሁት። አለ።

ማክሰኞ፣ ማርች 3

ነገሩን ላስረዳሽ ደብተሬ፣ አንቺም የምትኖሪው እዚሁ ቤት ነውና። እኔ ወታደር ነኝ። ባሌ ሙሉጌታም ወታደር ነው (ከእንግዲህ ሙ.፣ ቀለም እንቆጥብ)። እሱ ካሊፎርኒያ፣ እኔ ኮሎምበስ። አንድ ላይ መድቡን ብለን አመልክተን ቦታ የለም ተባልን። መንግሥት ለሁለታችንም የቤት አበል ይሰጣል። ልጆቹን ግን አንዳችን ብቻ ነን የምናስቆጥራቸው። ያስቆጠረው ባለቤተሰብ ይባላል። ሌላው ብቸኛ ነው። ብቸኛ ወታደር ባራክስ ውስጥ ባዶ አልጋ ከተገኘለት ይገባል።

ልጆቹ ከእኔ ጋር እያሉ እንዴት ብቸኛ ሆንሽ? አትበይኝ። የገዛ አፌ ነው። ባለፈው መስከረም እዚህ ስመደብ ጸሐፊው ቀና ሳይል ልጆቹ የማን ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። የአባታቸው ናቸው አልኩት። ምን ልበል? ሰላም ሙሉጌታ፣ ናሆም ሙሉጌታ። በስማቸው ውስጥ እኔ የለሁም፣ እናቴም በእኔ ስም ውስጥ የለችም፣ ማንንም ከፍቶት አያውቅም። ባል ያላት ሴት ልጆቹ የእኔ ናቸው ካለች ፍቺ አለ ማለት ነው። እሱም ጻፈ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ባለመነጽሯ ዛሬ መፍትሔውን ነገረችኝ። ሙ. ልጆቹን ለእኔ እንደተወ አንድ ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ ወረቀቱን ይልካል፣ አለቀ። ቀላል ነው አለች። እሷ አላገባችውም።

እሑድ፣ ማርች 8

ሙ. እንደ ልማዱ ኮል አደረገ። እሑድ ስልክ ይረክሳል። መጀመሪያ ልጆቹ። ሰላም በእንግሊዝኛ ለፈለፈችለት፣ በአማርኛ መልሺ ሲላት ኦኬ አለችው። ናሆም ስልኩን ይዞ ዝም። ራሱን ይነቀንቃል፣ አባቱ የሚያየው ይመስለዋል።

ከዚያ ነገርኩት። በእርጋታ፣ ሪፖርት እንደማቀርብ።  ልጆቼን ከስሜ ልፋቃቸው ነው የምትይው? አለ። ስም አይፋቅም፣ ሳጥን ውስጥ የምትደረግ ምልክት ናት አልኩት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት የሚፈረመው ፍርድ ቤት ነው አለ። ማን አስተማረሽ? አለ። ማንም አላስተማረኝም፣ ባራክስ ልገባ ነው አልኩት። አስብበታለሁ ብሎ ዘጋ።

ያስብበት። ልጆቹን የት እንደማስተኛቸው እኔም አስብበታለሁ።

ተናድጃለሁ። ሁለት ጊዜ ሳህን አጥቤ አሁንም ተናድጃለሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 12

ጾም ስለሆነ ካፌ ውስጥ ድንች። ትናንትም ድንች።

ፈርስት ሰርጀንቱ (የክፍላችን አለቃ፣ ቁመቱ በር የሚጋፋ) ቢሮው አስገባኝ። ደነገጥኩ፣ ስለ ባራክሱ መስሎኝ። አይደለም። ለሰርጀንትነት ከታጩት ውስጥ ስሜ አለ። ኮንትራቴ ጁን ላይ ያልቃል፣ ካደስኩ ማዕረጉ አይቀርም አለኝ። የጄኔሬተር መለዋወጫ መጋዘኑን እንደ አንቺ የያዘው የለም አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይሄንን ላንቺ ብቻ ነው የምለው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ማጣሪያና ቀበቶ አንድ መደርደሪያ ላይ ነበር የሚከምረው።

እስከ ኤፕሪል አጋማሽ መልስ ስጪኝ አለ። እሺ ፈርስት ሰርጀንት ብዬ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እንደ ሞኝ መለዋወጫዎቹን እየነካካሁ።

እሑድ፣ ማርች 15

ለእ/ብርቄ መንገር አልነበረብኝም። ለባላቸው ለጋሼ ደምሴ ነገሯቸው። ጋሼ ደምሴ ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ ይሠራሉ፣ ከዚያ ውጪ የከተማው አበሻ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ሰው ጨመሩና ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሳሎናቸው ውስጥ ለሽምግልና ተቀመጡ። ሦስት ኮት የለበሱ ወንዶች በአንድ የስልክ እጀታ ዙሪያ። ሽማግሌ በስልክ ሲቀመጥ ገና ዛሬ አየሁ።

ጋሼ ጀመሩ። ልጄ ሙሉጌታ፣ ሚስትህ ምን በደለችህ? ምንም፣ አለ ሙ.። ወደ እኔ ዞሩ። አንቺስ ልጄ፣ ምን በደለሽ? ምንም አልኩ። ተያዩ። አንደኛው ኮታቸውን አወለቁ።

“ታዲያ ማንን ልናስታርቅ ነው የመጣነው?”

ከመንግሥት ጋር ነው አልኳቸው፣ ከቤት አበል ደንብ ጋር። ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። ከመንግሥት ጋር ሽምግልና የለም፣ ተቀብለን አናውቅም አሉና ሁላችንንም ወደ ማእድ ቤት አስወጡን። ከሙ. ጋር ብቻቸውን ረጅም ጊዜ አወሩ። ይልቁንም ሰሙ፣ ድምፃቸው አልወጣም።

ሲጨርሱ ጠሩኝ። ይሄንን ታውቂያለሽ ወይ? አሉ። አላውቅም። ልጆቹ በስሙ ከተጻፉ ጀምሮ ሙ. የተከራየው ባለ ሁለት መኝታ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሁለት ትንንሽ አልጋዎች ገዝቶ ዘርግቷል። የናሆምን እንዳይወድቅ ዙሪያውን በእንጨት አጥሮታል። እንግዳ ሲመጣ የክፍሉን በር ይዘጋል። ለእኔ ያልነገረኝ ለበጋ ልጆቹን ይዤ ስሄድ አይቼ እንድደነቅ ነበር። ከፈረመ እሱም ብቸኛ ይሆናል፣ ቤቱን ለቆ ባራክስ ይገባል።

“እዚያ ልጅ የሌለው አልጋ፣ እዚህ አልጋ የሌለው ልጅ” አሉ ጋሼ ደምሴ። አልጋ የሌለው ያሉት ውሸት አይደለም። ናሆም ከእኔ ጋር ነው የሚተኛው፣ ሰላም መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ።

እዚያ አላለቀስኩም። መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ሰላም ማሚ ዋትስ ሮንግ አለችኝ። በረዶ ዓይኔ ገባ አልኳት። መስኮቱ ዝግ ነበር፣ እሷም አይታለች።

ረቡዕ፣ ማርች 18

ከሙ. ምንም። እኔም አልደወልኩም። ምን እላለሁ? አልጋዎቹን አፍርስ?

ባለመነጽሯ ኮሪደር ላይ አገኘችኝና የባራክሱን ክፍል ለማየት ከፈለግሽ ላሳይሽ አለች። አየሁት። ንጹሕ ነው። አዲስ ቀለም፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁምሳጥን፣ መስኮቱ ወደ መጋዘኑ ያያል። የስደት ጊዜ እንዲህ ያለ ክፍል ቢሰጠኝ እግዜርን ሳመሰግን እውል ነበር። ልጆች መግባት ክልክል መሆኑ በሩ ላይ ተለጥፏል።

ረቡዕ፣ ማርች 25

ሙ. ኮል አደረገ፣ በሥራ ቀን፣ ስልክ በሚወደድበት ሰዓት። እፈርማለሁ አለ። ሌላ አልጨመረም። ስለ አልጋዎቹ ጋሼ ነገሩኝ አልኩት። እነዚህ ሽማግሌዎች ሚስጥር አያውቁም አለ። ሳቅን፣ ትንሽ።

ከዚያ የልጆቹ ክፍል ወርዱ ስንት ነው? ብሎ ጠየቀ። ምን ያደርግልሃል? አልኩት። ለኪልኝ ብቻ አለ። ከሰላም ጋር በት/ቤት ማስመሪያዋ ለካን፣ እየደጋገምን፣ እየተጣላን። ነገርኩት። ጻፈው መሰለኝ። ልክ ልክ ይሆናል አለና ዘጋ።

አመሰግናለሁ አላልኩትም። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 6

ወረቀቱ መጣ። ፊርማው ትልቅ ነው፣ ከተሰጠው መስመር ወጥቶ ወርዷል። ወሰድኩላት። መነጽሯን አደረገች። ደንቡ ስለሆነ ልጠይቅሽ አለች፣ ልጆቹ የማን ናቸው?

የእኔ አልኩ። ለማለት ከበደኝ፣ ልክ እሱ ከኋላዬ ቆሞ የሚሰማ ይመስል። ወለድኳቸው፣ አጠባኋቸው፣ በረሃ አቋርጬ ትልቋን አዝዬ አመጣኋት። አሁንም የእኔ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ የሰረቅሁ መሰለኝ።

ማኅተሙን መታች። አሁን ሁለት ልጆች አሉሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አለች። ስትቀልድ ይሁን የምሯን አላወቅሁም። አሜን ብያት ወጣሁ፣ በአማርኛ።

አፓርታማው ተረፈ። ልጆቹ ተቆጠሩ። ለምን ደስ እንዳላለኝ አንቺ ከገባሽ ንገሪኝ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 10፣ ከሰዓት

የጭነት መኪና በር ላይ። ከካሊፎርኒያ። ሁለት አልጋዎች፣ ተፈታተው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው። ፍራሾቹ ከነፕላስቲካቸው፣ ማንም ተኝቶባቸው አያውቅም። ብሎኖቹን በአንድ ካልሲ ውስጥ ቋጥሮ እንጨቱ ላይ አስሯል። ካልሲው የወታደር ነው፣ አረንጓዴ።

ጋሼ ደምሴ መፍቻ ይዘው መጡ። ገጣጠሙት። ክፍሉ ውስጥ ልክ ልክ ሆነ፣ እንዳለው። በአልጋዎቹ መሃል እግር ማስገቢያ ብቻ ቀረ።

ናሆም በአጥሩ ውስጥ ቆሞ ዲስ ማይን? ይላል። አዎ የአንተ ነው፣ ዳዲ ላከልህ። ሰላም ግን ትልቅ ናት፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ነገር ታገናኛለች። ዳዲስ የት ይተኛል? አለች፣ በአማርኛ፣ ማንም ሳያዛት።

የት እንደሚተኛ አውቃለሁ። ማክሰኞ ባራክስ ገብቷል። አብሮት ያለው ወታደር አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ከበሮ በጭኑ ላይ ይመታል። ሙ. የሁለት ልጆች አባት፣ በወረቀት ላይ ልጅ የሌለው፣ ለሻወር ወረፋ ይይዛል። ስለዚህ ሁሉ ምንም አላማረረም። ቢያማርር ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ኤፕሪል 12፣ ሆሳዕና፣ ከቅዳሴ በኋላ

ፈርስት ሰርጀንቱ ነገ መልስ ይጠብቃል።

በራሴ አሰብኩበት፣ ሽማግሌ አልጠራሁም። ሙ. ገና ኮንትራቱ ረጅም ነው፣ መውጣት አይችልም። እኔ ጁን ላይ እችላለሁ። ካላደስኩ ወታደር መሆኔ ያበቃል። ያኔ ደንቡ ይገለበጣል፣ ሙ. ባለቤተሰብ ይሆናል፣ ቤት ይሰጠዋል። ልጆቹ እንደገና በእሱ ስም ይቆጠራሉ። እኔም። ሦስተኛዋ ተቆጣሪ እኔ ነኝ።

ይሄ ያንገበግበኛል፣ አልዋሽሽም። መጋዘኔ፣ መደርደሪያዎቼ፣ የሰርጀንት ማዕረጌ። ሁሉን ራሴ ነው ያገኘሁት፣ የማንም ሚስት ሆኜ አይደለም። ምናልባት ካሊፎርኒያም መጋዘን ይኖራል። ምናልባት አይኖርም። ለሙ. አልነገርኩትም። ከሰዓት ሲደውል እነግረዋለሁ። መጀመሪያ አይሆንም፣ በእኔ ምክንያት ማዕረግሽን አታጪም ይላል። ይበል። ያኔስ አስብበታለሁ ብሎ ቆይቶ አልፈረመም?

ለልጆቹ ገና ምንም አላልኳቸውም። ሰላም ፍራሹ ላይ ስትገላበጥ ይንኮሻኮሻል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ፕላስቲኩን በመቀስ ላውልቀው ብላ መጣች። መቀሱን ተቀበልኳት። አንሶላ ከላይ ደርቤ አነጠፍኩላቸው። ፕላስቲኩ ይቆይ አልኳት፣ እስከ ጁን። ለምን ስትለኝ፣ አልጋዎቹ ተመልሰው መንገድ ይሄዳሉ አልኳት፣ በዚህ ጊዜ ከነባለቤቶቻቸው፣ ወደ ዳዲ።