ያልጻፍኩላት የስምንተኛ ክፍል ወረቀት

ይድረስ በሰው አገር ለምትደክሚው እህቴ ለአየለች ጌጡ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ እየደበቅሽን ነው? ሙቀቱስ፣ ሥራውስ፣ የቤቱ ሰዎችስ እንዴት ይዘውሻል? የአገራችን አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን ብዬ ብቀጥል እንዴት ደስ ባለኝ። ዘንድሮ ግን አልቻልኩም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ አመተሥላሴ ወዳጆ ናት። ባለፈው ሰኔ እኔ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ሥልጠናዋን ወስዳ፣ ውሏን አስመዝግባ በሕጋዊ መንገድ ወደ ሪያድ የምትመጣ ልጅ ናት። ውስጡ ያለውን ታውቃለች። ስታነቢው አጠገብሽ እንድትሆን ለምኛታለሁ። ብቻሽን ከሆንሽ እባክሽ እዚህ ላይ አጥፈሽ አስቀምጪውና እሷን ጠብቂያት።

በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ ነው። ደብረ ብርሃን ወስጄ የዓይናቸውን ሞራ ካስገፈፍኳቸው ወዲህ ሞላሌ እኔ ቤት ናቸው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። አሁንም ዓይናቸው እንደተሸፈነ መደቡ ላይ ተቀምጠው ለአንቺ የሚጻፈውን እየነገሩኝ ነው። እሳቸው ስለ ገብሱ ይናገራሉ፤ እኔ ሌላ እጽፋለሁ። እስክሪብቶዬ አላቆም ሲል ምን ይህን ያህል ትጽፋለህ ብለውኛል።

አየለች፣ እህታችን ትሕትና ሞታለች።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ዘመድ ከብቦ ነው። ባሕር ተሻግሮ የሚያረዳሽ ሽማግሌ ከየት ላምጣልሽ? ይቅር በይኝ።

ነገሩ የጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው፤ አንቺን ልወቅስ አይደለም። ለእመቤትሽ እህት ሠራተኛ እንደሚፈለግ፣ ቪዛው ሕጋዊ እንደሆነ፣ አዲሱ አዋጅ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ አይሄድም ስለሚል ያ ወረቀት ብቻ እንደሚቀር ነገርሽኝ። ትሕትና እናታችን ስታርፍ ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን ዘግታ ቤቱን የያዘች ልጅ ናት። ርእሰ መምህሩ እኔ፣ ማኅተሙ በእኔ እጅ። አንቺም እየሳቅሽ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አልሽኝ። እኔ ግትሩ ግን እምቢ አልኩ። በሐሰት ወረቀት ላይ ማኅተም መትቼ በነጋታው ልጆቹን አትኮርጁ ልላቸው ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁ። በምትኩ መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል አስገባኋት። ሁለት ዓመት እንደሆነ ነገ ያልፋል፣ ከዚያ ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ አልኳት።

በሃያ ሦስት ዓመቷ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ጋር ተቀመጠች። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ወደ ጎን ዞራ ነበር የምትጽፈው። ልጆቹ አልሳቁባትም፤ እትዬ እያሉ መንገድ ይለቁላት ነበር። እሷን ይህ ይበልጥ ያሳፍራት እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከክፍል ቀረች። አባባን አሟቸው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በሳምንቱ በገበያ ቀን አባባ ራሳቸው መጡ። በሬ ላይ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ወረቀቱን ጻፍክላት፣ እህትህን በአውሮፕላን ወደ እህቷ ሸኘሃት፣ ዘርህ ይባረክ፣ ያሰብከው ይሙላልህ አሉኝ። ለካ ትሕትና ደላላ አግኝታ በአጣዬ በኩል ወደ ጅቡቲ ወርዳ ኖሯል፤ አባባ እንዳይጨነቁ በእኔ ስም ዋሽታለች። ያኔ አልጻፍኩም ማለት ነበረብኝ። ለአንቺም ሳምንቱን ሙሉ ትሕትና ደውላልሻለች ወይ እያልኩ ስጠይቅሽ እውነቱን መንገር ነበረብኝ። ደርሳ ትደውላለች ብዬ ምርቃቱን ተቀብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ሰብሊ ተመለሰች። አብራት የሄደች የቀያችን ልጅ ናት። ኦቦክ ከሚባል የባሕር ዳርቻ ሲደርሱ ለሁለት ጀልባ ከፈሏቸው፤ ትሕትና በፊተኛው፣ ሰብሊ በኋለኛው። የፊተኛው ብዙም ሳይርቅ ተገለበጠ። በማግሥቱ ውኃው ሲመልሳቸው ሰብሊ በሹራቧ ለየቻት። እዚያው አሸዋው ውስጥ ቀበሯት። ካህን የለ፣ ፍትሐት የለ። በመንገድ ሁሉ አንድም ቀን እኔን አላማችኝም አለች ሰብሊ። ወንድሜ እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ ሰባተኛ ክፍል መቀመጥ ያቃተኝ ትላት ነበር አሉ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ልክ ነበርኩ አየለች። ዛሬም ያ ወረቀት ሐሰት ነው ባይ ነኝ። ግን ልክ መሆኔ ለማን በጀ?

ሐኪሙ አባባ እስከ ገና ማልቀስም ማጎንበስም የለባቸውም ብሏል፤ የንስሐ አባታችን አባ ኪዳነ ወልድም መርዶው እስከዚያ ይቆይ አሉ። ለሰው የምናገረው ይህን ነው። ለአንቺ ግን አልደብቅም፣ አባባ ምርቃታቸውን እንዳያነሱብኝ እፈራለሁ። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ ልጄ ለምን ድምጿን አታሰማኝም ይላሉ። ስለዚህ ደርሳለች፣ አሠሪዎቿ ስልክ አልፈቀዱላትም እንጂ ደኅና ናት ብለሽ ጻፊልኝ፤ እኔ አነብላቸዋለሁ። አዎ፣ አንዲት የሐሰት መስመር አልጽፍም ያልኩት ሰው ነኝ ይህን የምለምንሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ከገና በኋላ ሽማግሌ ይዤ ራሴ አረዳቸዋለሁ። እጅሽ እምቢ ካለሽ ግን አልቀየምሽም።

ከዚህ በታች ያለው አባባ ያስጻፉኝ ነው። ቃል አልጨመርኩበትም።

ልጄ አየለች፣ ገብሱ ዘንድሮ መልካም ነው፤ በጎቹም ወልደዋል። ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ የማየው የላክሽውን ፎቶግራፍ ነው። የወንድምሽ ሚስት ጽናት ሰላም ብላሻለች፣ ልጃቸው ምንይሉም ጉልበትሽን ይስማል። ጎረቤታችን ተክለጻድቅና ባለቤቱ ለተሥላሴ እንደምን አለሽ ብለዋል። ለአሠሪዎችሽም እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። ትሕትናን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ። ስላልደወለች አልተቆጣሁም፣ የሰው ቤት ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ አንድ ላይ የምታድሩ ከሆነ፣ ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትተኛ እግሯን ትገልጣለች፣ እየተነሣሽ አልብሻት።

ወንድምሽ ትዕዛዙ ጌጡ
ሞላሌ፣ ኅዳር ፳፫ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.